ናሩቶ በየኔታ ፊት

ዱሮ ጋይንት ውስጥ እረኛ ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጅብ አልነበረም፤ ድጓ ነበር። ከብቶቹ ማታ ያለ ጠባቂ ወደ በረታቸው ይመለሳሉ፤ እናት ታለቅሳለች፤ አባት ዱላውን አንሥቶ የየኔታዎችን ደጅ ይዞራል። ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ስሙንም ለውጦ ከወንዝ ማዶ ካለ ጎጆ ውስጥ «ሃሌ ሉያ» ሲል ይገኛል። በጆሮው ተጎትቶ ይመለሳል። ወር ሳይሞላው እንደገና ይጠፋል። አባትም በመጨረሻ «እንግዲህ እግዜር የፈቀደው ይሁን» ብሎ ከብቱን ለታናሽየው ያስረክባል።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ «የኔታ፣ አንድ እናት አባት የሌለው፣ መንደርተኛው ሁሉ የሚጸየፈው ልጅ ነበር፤ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ ግን ከሁሉም እበልጣለሁ ይላል» ብሎ ሲጀምር፣ አጎቴ መሪጌታው ብዙም አልተደነቁም። «የየት ደብር ተማሪ ነው?» ብቻ አሉ።

«ተማሪ አይደለም፤ ኒንጃ ነው። ሆዱ ውስጥ ዘጠኝ ጭራ ያለው ቀበሮ ታስሯል። ለዚያ ነው የሚጠሉት።»

«ጠበል አልወሰዱትም?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ቅጽ በቅጽ ያነበብኩት ሰውዬ ነኝ፤ ግን ይህ ቀላል ነገር አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ፦ «ናሩቶ» ማሳሺ ኪሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ የጻፈውና የሣለው ማንጋ ነው፤ በሥዕል የሚተረክ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ተከታታይ ታሪክ። ለወንዶች ልጆች በሚታተመው «ሾነን ጃምፕ» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 ወጣ፤ 700 ምዕራፍ፣ 72 ቅጽ። በአኒሜ ደግሞ 720 ክፍል ሆነ። የእኛ አገር ልጆች ከዚህ ዓይነቱ ነገር ጋር በደንብ የተዋወቁት በዲሽ ነው፤ በዓረብኛው «ስፔስቱን» ጣቢያ። ዓረብኛ የማያውቅ ልጅ ሁሉ «ካፒቴን ማጂድ» የመታት ኳስ ከእግሩ ተነሥታ ጎል እስክትደርስ ነገን መጠበቅ ለምዶ ነበር። አሁን ስልክ አለ። የእህቴ ልጅ ጋይንት ውስጥ ኔትወርክ እንደ ልብ እንደማይገኝ ስለሚያውቅ 72ቱንም ቅጽ በስልኩ ጭኖ ነው የመጣው። ስንቅ መያዝ ከዘር ነው።

አጎቴ ደግሞ የዚሁ የጋይንት ቤተ ልሔም ሰው ናቸው። ቤተ ልሔም የድጓ ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። ሌላ ደብር ድጓ የዘለቀ ሰው «ጨረስኩ» ቢል ምስክር ይጠየቃል። ምስክሩ ያለው ቤተ ልሔም ነው። እዚያ ሄዶ፣ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ፣ በገዛ እጁ ብራና ላይ የጻፈውን ድጓ ከቦታው መጽሐፍ ጋር አስተያይቶና አርሞ፣ ዜማውን አሰምቶ ሲያበቃ ነው የሚመሰከርለት። በግራኝ ዘመን መጻሕፍት ሲቃጠሉ የያሬድ ድጓ ከጥፋት የተረፈው በዚሁ ቦታ ነው እየተባለ ይነገራል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት ሠርተውለታል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር። በዚያ ችሎት ያለፈ ሰው ተረት ሲሰማ እንኳ ጆሮው አያርፍም። አንዲት ርክርክ ብትዘለል ይሰማዋል።

ናሩቶና ጓደኞቹ ጥበባቸውን ለማውጣት ጣቶቻቸውን እያጣመሩ የሚሠሯቸው መሠረታዊ ምልክቶች 12 እንደሆኑ ልጁ ሲነግራቸው፣ አጎቴ ትንሽ ቅር አላቸው። «በሁለት በልጠውናል» አሉ።

ከሁሉ በፊት ልባቸውን የነካችው የደወሉ ፈተና ናት። ካካሺ የተባለ መምህር ሁለት ደወል ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ሦስት ተማሪዎችን «እስከ ቀትር ቀሙኝ፤ ያልቀማ ምሳ የለውም፤ ወደ መጣበትም ይመለሳል» ይላቸዋል። አንዳቸውም አይችሉም። ናሩቶ ከግንድ ጋር ይታሰራል፤ ለሁለቱ ምሳ ይሰጥና «ለእሱ ያቀመሰ ወዮለት» ይባላሉ። የልጁ ሆድ ይጮኻል። ሁለቱ ይተያያሉ፤ አንጀታቸው አልችል ይላል፤ ያካፍሉታል። ያን ጊዜ መምህሩ ከተደበቀበት ዘሎ ይወጣና «አለፋችሁ» ይላቸዋል። ፈተናው ደወል መቀማት አልነበረም።

አጎቴ ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ «ይህን የጻፈው ሰውዬ ቆሎ ለምኗል» አሉ። ልጁ ጃፓን ውስጥ ቆሎ እንደማይለመን ለማስረዳት ሞከረ፤ ሰሚ አላገኘም። በተማሪ ጎጆ «በእንተ ስማ ለማርያም» ተብሎ የመጣ ቁራሽ ሁሉ አንድ ላይ ይቀላቀላል፤ ወባ የጣለው፣ ውሻ የነከሰው፣ ትናንት መጥቶ ገና መለመን የሚያሳፍረው፣ ሁሉም ከዚያው ይበላል። ያልለመነ አይብላ ያለ ተማሪ ድጓ ቢያውቅም ሰው አይባልም። ኪሺሞቶ ይህን ከየት እንዳገኘው እንጃ፤ ግን አግኝቶታል። እኔም እስካሁን ያነበብኩት የወንዶች ልጆች ማንጋ ሁሉ ስለ ጓደኝነት ሲሰብክ እንዲህ ባለ አንድ ሳህን ሩዝ ያስረዳኝ የለም።

ሁለተኛው ራሴንጋን ነው። በመዳፍ ላይ የሚሽከረከር የኃይል ክብ ነው፤ ናሩቶ የሚማረው በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ውኃ የሞላ ፊኛ በመዳፉ ይዞ ውኃውን እያሾረ ያፈነዳል። ቀጥሎ ውኃ የሌለው ጠንካራ የጎማ ኳስ። በመጨረሻ ደግሞ ነፋስ ብቻ ያለበትን ፊኛ፤ እሱ ግን መፈንዳት የለበትም፤ ማዕበሉ ውስጥ፣ ላዩ ጸጥ ያለ መሆን አለበት። እጁ ይላጣል፤ ደክሞት ባለበት ይወድቃል፤ ኪሺሞቶም ገጽ አይሰስትም። የማንጋው ትልቁ ጉልበት ይኼ ይመስለኛል። በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ታሪኮች ጀግናው ጓደኛው ሲወድቅ ይቆጣል፣ ጸጉሩ ይቆማል፣ ኃይል ከሰማይ ይወርድለታል። እዚህ ግን ልጅ ሲማር እናያለን፤ ምን እንዳቃተው፣ ለምን እንዳቃተው፣ በምን ዘዴ እንደተሻገረው ጭምር። «መጀመሪያ ውዳሴ ማርያም በዜማ፤ ቀጥሎ ጾመ ድጓ፤ ከዚያ ድጓ» አሉ አጎቴ። «መምህሩ ሥርዓት ያውቃል።» መምህሩ ጅራያ ሴቶች ሲታጠቡ አጮልቆ የሚያይ ሽማግሌ መሆኑን ልጁ ሊጨምር ሲል በዓይኔ ከለከልኩት።

ሥዕሉን ሲያዩ ግን ሌላ ክርክር ተነሣ። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ወለል ብሎ ይሣላል፤ ከሐዲና ክፉ ደግሞ በጎኑ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ። አጎቴ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ካካሺን አዩት። ካካሺ አንድ ዓይኑን አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍናል። «ይኼ ሰይጣን ነው» አሉ። «አይ የኔታ፣ መምህሩ ነው!» ቀጥሎ ዛቡዛን አሳያቸው፤ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ሁለት ዓይን አለው። ጋራን አሳያቸው፤ ሰው እንደ ጉንዳን የሚጨፈልቅ ልጅ ነው፤ ሁለት ዓይን አለው። «ሠዓሊው አልተማረም» አሉ።

እኔ ግን ተምሯል ባይ ነኝ። ዛቡዛ እንደ ዕቃ ሲገለገልበት የኖረው ሃኩ ሞቶ ሲያየው ያለቅሳል። ጋራም እንደ ናሩቶ በሆዱ አውሬ ታስሮበት፣ አባቱ ሳይቀር ሊያስገድለው የሞከረ ልጅ ነው። ጠላትን በሁለት ዓይን መሣል በልጆች መጽሐፍ ቀላል ድፍረት አይደለም። የኛ ጥንታውያን ሠዓሊዎች ቢሰሙኝ በደብተራ እንደሚያስረግሙኝ አውቃለሁ።

ተቺዎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አንድ ነገር ደግሞ በእኛ ሚዛን ጉድለት አይደለም። ተዋጊዎቹ ከመምታታቸው በፊት የሚመቱበትን ጥበብ ስም ይጮኻሉ። ፈረንጅ «ጠላቱን ለምን ያስጠነቅቃል?» ይላል። ፉከራ ሰምቶ ያደገ ሰው ግን ይህን አይጠይቅም። ሳይፎክር የሚመታ ነው ነውረኛው! የፈረስ ስምም አላቸው፤ የእኛዎቹ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ እንደሚባሉት የእነሱም ሰው «ቢጫው ብልጭታ» ይባላል። ድብድቡ መሃል ቆመው ያለፈ ሕይወታቸውን የሚያስታውሱትም ነገር ከዚሁ ይመደባል፤ የኛ ፎካሪ አባቱንና አያቱን ሳይቆጥር ይተኩሳል እንዴ? ልዩነቱ የኛ ፎካሪ ጠላቱም ጠመንጃ እንደያዘ አለመርሳቱ ነው። በ«ናሩቶ» መጨረሻ አካባቢ አንዱ ስለ ልጅነቱ ሲያስታውስ ምዕራፍ ይሄዳል፤ ያ ሲያበቃ ጠላቱ በተራው ያስታውሳል፤ ሦስተኛ ሰው ደርሶ ስለ ሁለቱም ያስታውሳል። ጥይት የሚተኩስ ጠፋ።

በዚህ መሃል ልጁ «እዚህስ እንደ ናሩቶ ያለ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ መቋሚያቸውን አስተካክለው ያሬድን ነገሩት። አባቱ የሞተበት ልጅ፤ አጎቱ አባ ጌዴዎን እያስተማሩት ትምህርት አልገባ ያለው፤ ተገርፎ የጠፋ፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ግንድ ላይ ስትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ፍሬው ጋ ስትደርስ ያየ። ተመለሰ፤ ተማረ። ሦስት ወፎች ከገነት መጡለት፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የተባሉትን ዜማዎች ይዞ አክሱም ገባ። ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀል ሲሰሙ ተመስጠው የጦራቸውን ጫፍ እግሩ ላይ ተክለውት፣ ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አላወቁም።

የልጁ ዓይን ፈጠጠ። «ሦስት ፎርም አለው ማለት ነው? ጦሩም አልተሰማውም? ይኼማ ሴጅ ሞድ ነው!»

«ምን አለ?» አሉኝ አጎቴ።

«አደነቀ» አልኳቸው።

ጠቡ የተነሣው 27ኛው ቅጽ ላይ ነው። እዚያ ጅራያ ናሩቶን ይዞ፣ ከመንደሩ አስወጥቶ ለትምህርት ይወስደዋል፤ ለሁለት ዓመት ተኩል። 28ኛው ቅጽ ሲገለጥ ናሩቶ ቁመቱ ጨምሮ፣ ትከሻው ሰፍቶ በመንደሩ በር ሲገባ እናያለን።

«በመሃሉስ?» አሉ አጎቴ።

«ተዘለለ።»

«ምኑ ተዘለለ?»

«ሁለት ዓመት ተኩሉ።»

አጎቴ ሲቆጡ ድምፃቸው አይጨምርም፤ ወደ ዕዝል ይወርዳል። «የተማረበትን ዘመን ዘለለው? ምን በላ? የት አደረ? የትኛው ክፍል አቃተው? መምህሩ ስንት ጊዜ መለሱት? አሁን ይኼ ነው ታሪኩ፤ ሌላው ምኑ ይነገራል?»

«ድብድብ ስለሌለበት ይሆናላ፣ የኔታ።»

«እንዴት የለበትም? ከእንቅልፍ ጋር ነው፤ ከረኃብ ጋር ነው፤ ከውሻ ጋር ነው።»

እዚህ ላይ ሙሉ ለሙሉ ከአጎቴ ወገን ነኝ። ማንጋው ከዚያ ቅጽ በኋላ በትምህርት ማፈር ጀመረ። ልጅ በመዳፉ ፊኛ ሲያፈነዳ ያሳየን ሰውዬ አቋራጭ መንገድ ማበጀት ያዘ። ናሩቶ በጥላ ራሱን ሺህ ያደርግና ሁሉም አብረው ይለማመዳሉ፤ ሲጠፉ ያወቁት ሁሉ ወደ እሱ ይመለሳል፤ የዓመታት ልፋት በቀናት ያልቃል። ልጁ ይህን ሲነግራቸው አጎቴ መጀመሪያ ጎመጁ፤ አንዱ ሲለምን፣ አንዱ እንጨት ሲለቅም፣ አንዱ ለየኔታ ውኃ ሲቀዳ፣ አንዱ ድጓውን ሲቀጽል ታያቸው። ከዚያ ጥላው አንድ ጊዜ ከተመታ እንደሚጠፋ ሰሙ። «እንግዲያው ለማኙ ከመጀመሪያው ደጅ አያልፍም። የጋይንትን ውሻ አያውቁትም» አሉ።

አቋራጭ በእኛም አገር አልጠፋም፤ አብሾ አለ። ትምህርት አልያዝ ያለው ተማሪ ለአእምሮ ብሎ የሚጠጣው ቅጠል ነው፤ አንዳንዱ ሊቅ ይሆንበታል፣ አንዳንዱ ጠላ በቀመሰ ቁጥር ልብሱን ጥሎ ይሮጣል። ቢያንስ አብሾ ዋጋ ያስከፍላል። የናሩቶ ጥላ ግን ድካሙን ብቻ ነው የሚመልሰው፤ እሱንም በአንድ ሳህን ራመን ይረሳዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የዘር ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቅጾች ኔጂ የሚባል ኩሩ ልጅ «ሰው ዕጣው የሚወሰነው ሲወለድ ነው» ይላል፤ ናሩቶ ደግሞ ሕዝብ በተሰበሰበበት ፊቱን በቡጢ ብሎ «ዋሽተሃል» ይለዋል። ምን ያለ ውብ ምዕራፍ ነው! በኋላ ግን ያ ምስኪን ወላጅ አልባ የአራተኛው ሆካጌ፣ የመንደሩ ገዥ የነበረው ሰው ልጅ ሆኖ ተገኘ። ቆይቶም የጥንቱ ቅዱስ ልጅ የአሹራ መንፈስ በትውልድ ሲተላለፍ መጥቶ ያረፈበት ነው ተባለ። ስለዚህ ኔጂ እውነቱን ነበር ማለት ነው። ለይቅርታ እንኳ ጊዜ አልተሰጠውም፤ በኋላ በመጣው ጦርነት ገደሉት። አጎቴ ስለዚህ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «የመሪጌታ ልጅ ቀድሞ ይሰማል እንጂ ቀድሞ አይመሰከርለትም።»

ሮክ ሊስ? ምትሃት የማይሆንለት፣ በእጅና በእግሩ ብቻ ኒንጃ የሆነው ልጅ ነው። ከጋራ ጋር ሲገጥም እግሩ ላይ ለዓመታት አሥሮት የኖረውን ክብደት ፈትቶ ይጥላል፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። አጎቴ ሲሰሙ ከመደባቸው ተነሥተው ነበር። እጁና እግሩ ተሰባበረ፤ ታከመ፤ ዳነ። ከዚያ በኋላ ከሌሎቹ መሃል ቆሞ ያያል። ጠላቶቹ ተራራ ወርዋሪ፣ ከሰማይ ድንጋይ አውራጅ ሲሆኑ ለእሱ እግር ቦታ ጠፋ። በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ሰይፍ የያዘ ዛቡዛ ነበር ያንቀጠቀጠን፤ በመጨረሻ ጨረቃ ራሷ የጦር መሣሪያ ሆና አላስደነገጠችንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በዚህ በኛ ደጋ ሲያስጎትቱ፣ ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ድንጋይ እየተፈለጠ የተሠራውን መንገድና የሕዝቡን ትከሻ ነው። መድፉ ስንቱን እንደገደለ ማን ያነሣል?

ሌሎቹን ጉድለቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ካጉያ የምትባለዋ የመጨረሻ ጠላት ሰርግ ሊበተን ሲል እንደመጣች ያልተጠራች ዘመድ ናት፤ ማን እንደሆነች ሳይታወቅ በትልቁ ወንበር ተቀመጠች። ከደወሉ ፈተና ሦስት ተማሪዎች አንዷ ሳኩራ ሐኪም ሆና፣ ድንጋይ በቡጢ መፍለጥ ተምራ ስታበቃ ብዙውን ገጽ የምታሳልፈው የሦስተኛውን ልጅ ስም እየጠራች፣ «ሳስኬ!» እያለች ነው። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ላይ ወንበር ዘርግተው ለወንዱ ሁሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩበት አገር ሰው ይህን ሲያነብ ያዝናል።

የእርቁ ነገር ግን አጎቴን በብርቱ አከራክሯል። ናጋቶ የተባለ ሰው መንደሩን በሙሉ ወደ ጉድጓድ ይለውጠዋል፤ ናሩቶ ይሄድና ያናግረዋል፤ ያወራሉ፤ ሰውየው ይጸጸታል፤ በነፍሱ ዋጋ የገደላቸውን ሁሉ ያስነሣል። ልጁ ይህን ሲተርክ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። አጎቴ ግን ደም ሲታረቅ ሽማግሌ ሆነው ብዙ ተቀምጠዋል። «ዋሱ ማን ነው? ካሳው የታል? ሁለቱም ወገን በተገኘበት ነው ወይስ ለብቻቸው ነው የተነጋገሩት?» ብለው ጠየቁ።

«ለብቻቸው ነው። ግን ሙታኑ ተነሡ እኮ፣ የኔታ።»

«እሱ ጥሩ ነው። ዋሱስ?»

ልጁ እጁን ሰጠ። ስልኩንም ዘጋ። 27ኛው ቅጽ ድረስ ያለው ግሩም እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ጅራያ እስከሚሞት ታግሦ ማንበብ እንደሚቻል፣ የቀረውን ግን ቸኩሎ መግለጥ እንደሚበጅ እኔ ብያኔ ልሰጥ ስል አጎቴ አቋረጡኝ። ተረቱ እንዲያልቅ አልፈለጉም። ያች የተዘለለች ሁለት ዓመት ተኩል አላስተኛቸውም።

«አንተ ንገረኛ» አሉት ልጁን።

«አልተጻፈም እኮ።»

«ታዲያ አንተ አታውቀውም? ይህን ሁሉ አንብበህ?»

ልጁ አሰበ። «እሺ… ጅራያና ናሩቶ ብዙ ከሄዱ በኋላ አንድ መንደር ደረሱ። ሆቴል ያዙ።»

«ገንዘብ ከየት?»

«ጅራያ አለው። መጽሐፍ ይጽፋል።»

«መምህር ገንዘብ አለው አልክ? ተው፣ እንዳትዋሽ።»

«እሺ፤ ገንዘብ የላቸውም። መሽቷል። ናሩቶ አንድ ሰው ደጅ ላይ ቆመ።»

«ምን ብሎ?»

«በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ።»

አጎቴ ነጠላቸውን ሰብስበው ተጠጉ። «ውሻ አለ?»

«አለ፣ የኔታ። ጥቁር ነው። ሰንሰለቱን በጥሷል።»

«ቀጥል» አሉት።